ቡና በልቷል?

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይላሉ። እኔ ሰባ ስድስት መስከረም ጠብቶብኛል፤ ጉዱም በየዓመቱ አልቀረብኝም። ትልቁን ጉድ የሰማሁት ግን በስተርጅና፣ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት ተቀምጬ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። ልጄ ናት፣ ከሥራ ቦታዋ። እንዴት ዋሉ የለ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ የለ፤ «አባዬ፣ ቡና በልቷል?» አለችኝ።

ቡና ይጠጣል እንጂ ይበላል ወይ እንዳትሉኝ። ቡና ውሻ ነው።

መልኩ የተቆላ ቡና ስለሚመስል፣ ልጆቹም ያገራቸው ነገር እንዳይጠፋባቸው ተብሎ የወጣለት ስም ነው አሉኝ። ያገር ናፍቆት ሰውን ብዙ ነገር ያደርገዋል፤ እኔን ያደረገኝ መሳቂያ ነው። የመጣሁ ዕለት፣ ከቦሌ ተነሥቼ ሌሊቱን ስበር አድሬ፣ እግሬ አብጦ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳልሁ ልጄ ከወጥ ቤት «ቡናዬ! ና!» ስትል ሰማሁ። «ና» ማለቷ ትንሽ ግር ቢለኝም፣ ቡና ደረሰ ብዬ ጋቢዬን ሰብስቤ እጄን ዘርግቼ ተቀመጥሁ። የመጣው ሲኒ አይደለም። አርባ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ላብራዶር መጥቶ በተዘረጋው እጄ ላይ አገጩን አሳረፈ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት «ቡና» የሚል ቃል ስሰማ፣ የሚመጣው አቦል ይሁን ጅራት አስቀድሜ አላውቅም።

የዛሬው እሮሮዬ እንግዲህ ስለዚህ ውሻ አመጋገብ ነው። አባቴ ከመቃብሩ ቀና ብሎ ቢሰማኝ «ልጄ ሆይ፣ ሌላ ወሬ አጣህ?» ይለኛል። ምን ላድርግ? በዚህ ቤት ከፖለቲካውም፣ ከቤት ዕዳውም፣ ከእኔ ጤንነትም በላይ የሚያከራክረው ይኸው ነው። ውሻ ሳህኑ ሞልቶለት ሲያሰኘው ይብላ? ወይስ ሰዓት ተቆርጦለት ይብላ?

ታሪኩ ከቡችላነቱ ይጀምራል። ቡና የሁለት ወር ቡችላ ሆኖ ሲመጣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላ ነበር። የቡችላ ሆድ ጠባብ ነው፤ ሰውነቱ ግን ለማደግ ይቸኩላል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል። «አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉታ» አልኋቸው። ስድስት ወር ግድም ሲሞላው በረካው ቀረ፤ ጠዋትና ማታ በቃው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ወግ አለው።

ወጉ የፈረሰው ሰው ሁሉ ከቤት ሲጠፋ ነው። ልጄ ነርስ ናት፤ አንድ ሳምንት ሌሊት፣ አንድ ሳምንት ቀን ትገባለች። አማቼ መኪና ይነዳል፤ የሚወጣው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ታዲያ ውሻውን ማን ያብላው? አንድ እሑድ ተሰብስበው መከሩና ነጻ ማዕድ ታወጀ። ሳህኑ ጠዋት ጢም ብሎ ይሞላል፤ ቡና ሲርበው ጠጋ ብሎ ይበላል፣ ሲጠግብ ይተዋል። «ሆዱ ያውቃል» አለ አማቼ። እኔ የደረስሁት በዚህ ዘመነ መንግሥት ነው።

ሆዱ ያውቃል! እኔ በዕድሜዬ ስንት ሠርግ በልቻለሁ፤ ሆዱ የሚያውቅ ሰው እንኳ አላጋጠመኝም።

በጉለሌው ግቢያችን እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። ለመቻል፣ መቻል የድሮው ውሻዬ ነው፣ ሳህን ሞልተን ብንተውለት መጀመሪያ የጎረቤት ድመት፣ ቀጥሎ ቁራ፣ ቀጥሎ ጭልፊት፣ ሲመሽ አይጥ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጉንዳን ይጋበዝበት ነበር። መቻል ራሱ የሚደርሰው ሳህኑን ለመላስ ነው። ደግሞስ ምን የሚቆይ ነገር አለና? የእኛ ውሻ የሚበላው የገበታ ትራፊ ነው፤ ወጥ የነካው እንጀራ ፀሐይ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሳህን ሞልቶ መተው የተቻለው ደረቅ የውሻ ቀለብ ከመጣ ወዲህ ነው። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ እንግሊዝ አገር ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የውሻ ብስኩት እያስጋገረ መሸጥ ጀመረ፤ ይኸው ዛሬ የውሻ ቀለብ በከረጢት ታሽጎ እንደ ሲሚንቶ ይደረደራል። እርጥብ ቢሆን ይሸት ነበር፤ ቢሸት ያነሱት ነበር፤ ቢያነሱት ቡና አይወፍርም ነበር። ጥፋቱ የስፕራት ነው ብዬ ፈርጄአለሁ።

ቡና ወፈረ። ወገቡ ጠፍቶ ከላይ ሲያዩት መከዳ መሰለ። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። እኔም እዚያው መሐል ላይ ነው የምቆመው፤ ተያይተን፣ ተዛዝነን፣ ትንፋሻችንን ሰብስበን እንቀጥላለን።

የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የማታነበው ነገር የለም። «አባባ፣ አትቆጣው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም» አለችኝ። «አንተ» ማለቷን ለጊዜው እለፉት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የላብራዶሮችን ዘረ መል መርምረው፣ ከአራቱ አንዱ ያህል ሲወለድ ይዞት የመጣ ጉድለት እንዳለበት ደረሱበት። እንዲህ ያለው ውሻ ሆዱ ቢሞላም «ጠገብህ» የሚለው መልእክት ወደ አእምሮው በወጉ አይደርስም። «ታዲያ ሆዱ ያውቃል ያለን ማን ነበር?» አልሁ። አማቼ በመስኮት የሚያየው ነገር አገኘ።

በመጨረሻ የውሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። እኔ ለጉልበቴ ሁለት ወር ቀጠሮ ስጠብቅ፣ ቡና በሦስተኛው ቀን ገባ። ሐኪሟ መዘነችው፤ አርባ ሦስት ኪሎ። ለእሱ ቁመት የሚገባው ሠላሳ ሦስት ግድም ነው አለች። ከዚያ ጎኑን በጣቷ ዳበሰች። ጤነኛ ውሻ የጎን አጥንቱ ለዓይን ሳይገጥ ለጣት ይገኛል፤ የቡና ግን በመዳፍ ቢጫኑትም አልተገኘም። ከአንድ እስከ ዘጠኝ የሚቆጠር የሰውነት መለኪያ አላቸው፤ አንድ አጥንቱ የወጣ ከሲታ ነው፣ ዘጠኝ በስብ የተዋጠ፤ ደግ የሚባለው አራትና አምስት ነው። ቡና ስምንት አገኘ። ከዘጠኝ ስምንት! በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ልጅ ደብተርና እርሳስ ይሸለም ነበር።

«ከሳህኑ ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ?» ብላ ሐኪሟ ጠየቀች። ዝም ዝም ተባባልን። መጀመሪያ ወንዱ የልጅ ልጄ የፒዛ ጠርዝ እንደሚሰጠው አመነ። እኅቱ የምሳ ዕቃዋን ትራፊ። አማቼ ማታ ሲገባ የዶሮ ቆዳ። ልጄ ራሷ አይብ። ኑዛዜ በሉት። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር «እኔ እንኳን ምንም» አልሁ። ይህን እንዳልሁ ቡና ተነሥቶ አፍንጫውን ኮት ኪሴ ውስጥ ከተተና በሶፍት የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዞ ወጣ። ውሻ አይናገርም ያለው ማን ነው?

ጉርሻ ከዕለት ምግቡ ከአሥር አንድ እጅ መብለጥ የለበትም አለች ሐኪሟ። ጉርሻ ሲሰፈር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አገር አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባላል፤ እዚህ ሁለተኛው ወገብ ያጠፋል። ቀጥላም የማይሰጠውን ዘረዘረችልን፦ ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተቀቀለ አጥንት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል አሉ። እኔ በሆዴ ስለ መቻል አሰብሁ፤ መቻል የወጥ ውሻ ነበር፤ ወጥ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሽንኩርት ነው፣ የቀረው ቅመም ነው።

ፍርዱ ተነበበ። ነጻው ማዕድ ተሽሯል። ጠዋት አንድ የመስፈሪያ ኩባያ ከሩብ፣ ማታም እንዲሁ። ሳህኑ ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል፤ በላም አልበላም ይነሣል። «አንድ ጊዜ አብዝተን ብንሰጠውስ? መቻል በቀን አንዴ ነበር የሚበላ» አልሁ። እንደ ቡና ያለ ትልቅ፣ ደረቱ የጠለቀ ውሻ ብዙ ምግብ በአንዴ ዋጥ ሲያደርግ ጨጓራው ተነፍቶ በራሱ ላይ ሊዞር ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድለዋል አለችኝ። በልቶ ወዲያው መሮጥም አይበጀውም። እናቴ «በልታችሁ አትሩጡ፣ ሆድ ያዞራል» ስትለን ትዝ አለኝ። እናቴ የውሻ ሐኪም መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ኩባያውን ሳየው አንጀቴ አልቻለም። «ይኼ የቡና ሲኒ እንጂ የቡና ቀለብ ነው?» ብዬ ጮህሁ። የልጅ ልጄ አሁንም አንብባ ጠበቀችኝ። አሜሪካኖች አርባ ስምንት ላብራዶሮችን ከቡችላነት ጀምሮ ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ከየጥንዱ አንዱን ከጓደኛው ሩብ አሳንሰው እያበሉት ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ፦ የተቀነሰባቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ ጨምረው ኖሩ። «እንግዲህ ቡና ሁለት ዓመት ይጨመርለት» አልሁ። ለእኔ ማን ሩብ ይቀንስልኝ ብዬም ትንሽ ቀናሁ።

ልጄ ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈችው። «አባዬ፣ ቤት የሚውሉት እርስዎ ነዎት፤ አደራ» አለችኝ። እኔ መዝገብ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የተጻፈ ነገር አላዛንፍም። ወረቀቱ «7:00» እና «5:00» ይላል። አላዛነፍሁም። ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ማለት ነው፣ ቁርሱን ሰጠሁት። አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ቤቱ ጭር ሲል፣ በካልሲ እየተራመድሁ እራቱን ሰጠሁት።

የውሻ ሆድ ግን ምግብ ሲገባበት የቀደመውን ማስወጣት ይጀምራል፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እናም አስቡት፦ እኩለ ሌሊት ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ እኔ ጋቢ ደርቤ፣ በአንድ እጄ የውሻ ገመድ፣ በሌላው ፌስታል ይዤ የውሻ ጀርባ እጠብቃለሁ። አይ ስምንተኛው ሺህ! አገሬ ብሆን በዚህ ሰዓት ጅብ ነበር የሚጠብቀኝ፤ ጅብ እንኳን ክብር አለው፣ ፌስታል አያስይዝም።

በአራተኛው ሌሊት አማቼ ከሥራ ሲገባ ደጅ ላይ አገኘኝ። «አባባ፣ ምን ሆኑ?» ነገርሁት። ሳቁን ውጦ «የፈረንጅ ሰባት ሰዓት እኮ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ አምስቱም አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ነው» አለኝ። ታዲያ አንድና አሥራ አንድ ብላችሁ አትጽፉም? ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። ቀኑን በእኩለ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ የሚጀምር ሕዝብ የውሻ እራት ቢዛባበት በእኔ ይፈረዳል?

ግን ተፈረደብኝ። በሳምንቱ ቀላቢ ማሽን ተገዝቶ መጣ። ሰዓቱ ሲደርስ ሰፍሮ ይሰጣል፤ ከመስጠቱም በፊት ይጣራል። የሚጣራው በልጄ ድምፅ ነው፤ ቀድታበት ነው። እኔ ይህን አልተነገረኝም። አንድ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ሸለብ አድርጎኝ ሳለ ከወጥ ቤት «ቡናዬ፣ ና! ና ብላ!» የሚል የልጄ ድምፅ ሰማሁ። «አቤት ልጄ፣ መጣሽ እንዴ?» ብዬ ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ። ወጥ ቤት ሰው የለም። ቀለቡ ብቻ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሳህኑ ላይ ተንኮሻኮሸ። ልጄ ሥራ ላይ ናት፤ ድምጿ ቤት ውሎ ውሻ ይጠራል። ለእኔ «ይምጡ፣ ይብሉ» ብሎ ድምፁን የቀዳልኝ የለም።

ማሽኑም ቢሆን ሊቅ አይደለም። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ እነዚህ ሰዎች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ለቡና ሆድ የነገረው የለም። እንደ ልማዱ ተነሥቶ፣ ምሳ የወጣ የቀበሌ ሠራተኛ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ማሽኑ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። በማርች ሁለተኛው እሑድ ደግሞ ወደ ፊት ይገፉታል። አዲስ አበባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ትወጣለች፤ ሰውም ውሻም ያምናታል።

ቡና አፉን እያረጠበ ማሽኑ ላይ ሲያፈጥ «ይህን እኮ ፓቭሎቭ ጽፎታል» አለችኝ ልጅቷ። ኢቫን ፓቭሎቭ የሚባል ሩሲያዊ፣ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል ተሸልሟል፤ ውሻ ምግቡ ሳይደርስ ገና የምግቡን ምልክት ሲሰማ ምራቁ እንደሚወርድ ያሳየው እሱ ነው። መቻል ይህን ያለ ኖቤል ያውቅ ነበር። የመሶቡ ክዳን ኳ ሲል፣ ከጓሮ ተነሥቶ ደጃፋችን ላይ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልግባ። ቡና በሰዓቱ ይብላ፤ አልተቃወምሁም። ግን እስቲ ዙሪያውን እዩልኝ። ልጄ ሌሊት ገብታ ቆማ ትበላለች፣ እሱንም ከድስቱ። አማቼ መሪ ይዞ ይበላል። ወንዱ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ሆኖ፣ የሚጎርሰውን ሳያይ ይጎርሳል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በወተት የራሰ ነገር ትበላና እራት ሲደርስ «ጠግቤአለሁ» ትላለች። ፍሪጁ እንደ ታክሲ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ነጻው ማዕድ ከውሻው ተነሥቶ ለሰው ተሰጠ! በዚህ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ስሙ ተጠርቶ የሚበላው ቡና ብቻ ነው።

እኔም ወረቀት አለኝ። ስኳር አለብኝ፤ ሐኪሜ የጻፈልኝ ፍሪጁ በር ላይ ከቡና ወረቀት ጎን ነበር። በሰዓቱ ይብሉ ይላል፣ ሰፍረው ይብሉ ይላል፣ በልተው ትንሽ ይራመዱ ይላል። ቃል በቃል የቡና ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይረውታል። ማሽኑ እስኪመጣ የቡና ወረቀት ላይ ያበላው ሰው ሁሉ ይፈርም ነበር፣ ሁለት ጊዜ እንዳይበላ። የእኔ ላይ የፒዛ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል።

መቻል እንዴት ይበላ እንደነበር ልንገራችሁ። ማታ አንድ ጊዜ፣ እኛ በልተን ስንነሣ። ወረፋው አባወራ፣ ልጆች፣ እመቤት፣ መቻል ነበር፤ ማንም ሰው ወረፋውን አያዛባም። ምን እንደሚበላ የሚወስነው የውሻ ሐኪም አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ የነካው እንጀራ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሃምሳ አምስት ቀን አጥንት በሕልሙ ነው፤ ልኳንዳውም ዝግ ነው። በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ጾመኛ ነበር፣ ንስሐ አባት አልነበረውም እንጂ። እዚህ እንኳ፣ ባለፈው ጾም በገባ ሰሞን፣ በክረምት ሰዓታቸው ቡና ጠዋት ቁርሱን ሲበላ አዲስ አበባ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ከቅዳሴ ወጥቶ ከሚገድፈው ሕዝብ ጋር አብሮ ነው የገደፈው።

«ውሻ እንጀራ ብቻ በልቶ እንዴት ኖረ?» አለችኝ ልጅቷ፤ ከዚያ ራሷ ፈልጋ መልሱን አመጣች። እ.ኤ.አ. በ2013 ስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች ውሻንና ተኩላን አስተያይተው፣ ውሻ የእህል ምግብ የሚፈጭበት ዘረ መል ከተኩላ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አገኙ። ከሰው ጋር ሲኖር ሆዱ እህል ለመደ። መቻልን የእንጀራ ልጅ ያደረገው ዘሩ ነው ማለት ነው።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ማታ ግን የመሶቡ ክዳን ኳ ሲል መቻል አልመጣም። ጣሳውን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድሁ። አሸተተው፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ራሱን መልሶ መሬት ላይ ጣለ። ያን ጊዜ አወቅሁ። በማግስቱ የከብት ሐኪም አስመጣሁ፤ ከጉሮሮው የዶሮ አጥንት ስንጣሪ አወጣለት። ስለ አጥንቱ ሐኪሟ ልክ ናት፤ ጥፋቱን ያበላሁት እኔው ነኝ። በአንድ ነገር ግን አልሸነፍም፤ ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ ቢውል ኖሮ፣ አለመብላቱን ማን ያውቅ ነበር? ድመቷ ትበላለት ነበር፣ እኛም በላ እንል ነበር።

ሰዓት ቆርጦ ማብላት ለእኔ ይኸው ነው። ሆድ የሚሞላበት ዘዴ ብቻ አይደለም፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከቻለም ሦስት፣ ቀና ብሎ የሚያይህ ሰው አለ ማለት ነው። በላህ? ለምን ተውህ? ምን ሆንህ?

ጎረቤታችን ያለችው ያገሬ ልጅ ይህን አትቀበለኝም። ቺዋዋ የምትባለዋ ዓይነት፣ ከጫማዬ የማትበልጥ ውሻ አለቻት፤ በጃንሆይ ውሻ ስም ሉሉ ብላታለች። የሉሉ ሳህን ዘወትር ሙሉ ነው። አንዲት ፍሬ ታነሣለች፣ ዞር ትላለች፣ ከሰዓታት በኋላ ተመልሳ ሌላ ታነሣለች፤ እንደ ድሮ እመቤት ቀመስ እያደረገች ትውላለች፣ ወገቧም እንዳለ ነው። ሴትዮዋ እውነት አላት፤ እንዲህ ያሉ ደቃቃ ውሾች፣ ይልቁንም በቡችላነታቸው፣ ሳይበሉ ከቆዩ ስኳራቸው ይወርዳል። የምታጠባ ውሻም እንዲሁ ሳህኗ ቢሞላላት አይነቀፍም። አራስማ መቼ ሰዓት አላት? ገንፎው በየሰዓቱ ነው።

«እንግዲህ ተሸነፉ» አለችኝ ሴትዮዋ፣ የእውነተኛውን ቡና አቦል እየቀዳችልኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ከወጥ ቤቷ የመንኮሻኮሽ ድምፅ ሰማን። ይዤው የሄድሁት ቡና የሉሉን የቀን ቀለብ ጠርጎ፣ ሳህኑን በምላሱ ወደ ግድግዳ እየገፋ ነበር። ሉሉ ወንበር ላይ ወጥታ ታየዋለች። «እመቤቴ» አልኋት፣ «ነጻ ማዕድ ይሉኝታ ላለው ነው። ላብራዶር ይሉኝታ የለውም። ሰውም ዛሬ ዛሬ እያጣው ነው።» ቶናውን ዝም ብለን ጠጣን።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አለፈው። ቡና ሠላሳ አምስት ኪሎ ገብቷል፤ የጎን አጥንቱን ሳልጫን አገኘዋለሁ። የእኔም ስኳር ወርዶ ሐኪሜ «ምን አደረጉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከውሻ ጋር ማዕድ ጀመርሁ» አልሁት፤ አስተርጓሚው ሊተረጉመው አፈረ። እውነቴን ነው። ማሽኑ «ና ብላ» ሲል እኔም ሳህኔን ይዤ እቀርባለሁ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት። እሱ በአንድ ደቂቃ ይጨርስና የቀረውን ጊዜ እኔን ሲያይ ይቆያል። ኪሴ ባዶ ነው፤ ያውቃል፤ ግን ያሸታል። ከዚያ አብረን እንወጣለን፤ ፌስታሉን አሁን በብርሃን ነው የምይዘው።

ልጅቷ አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። በማግሥቱም መጣች። የሚበላ ነገር ይዛ። ወንድሟ ሐሙስ ዕለት ስልኩን ይዞ መጣ፤ ስልኩን ባይተውም መምጣቱን ቆጥሬለታለሁ። በማዕዱ መሐል አንቱታ አስተምራታለሁ። ሽማግሌ «ና፣ ብላ» አይባልም፤ «ይምጡ፣ ይብሉ» ነው። ገባኝ ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አባባ፣ ውሃ ጠጣ»፣ ወደ ውሻው ዞራ «ቡና፣ ይቀመጡ» ትላለች። እሱም ይቀመጣል። ክብሩን ሳያቅማማ ተቀበለ።

ባለፈው ሳምንት ማሽኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲጣራ ድምፁ የልጄ አልነበረም። የልጅቷ ነው፤ ሳትነግረኝ ቀይራዋለች። «አባባ! ቡና! ኑ! ኑ ብሉ!» ይላል።

«ኑ» በከተማ ወግ ለብዙ ሰው ነው። ባላገር ዘንድ ግን ለአንድ ሽማግሌም ለክብር «ኑ» ይባላል። የእሷ «ኑ» የአንቱታ ይሁን፣ ወይስ እኔንና ውሻውን በአንድ ቃል ጠቅልላ ሥራ ማቅለሏ ይሁን፣ አልተጣራልኝም። ልጠይቃት ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። መልሱ የብዛት ነው ብትለኝስ? በስተርጅናዬ ከውሻ ጋር ተደምሬ ልቆጠር?

ቡና ግን ክርክር አያውቅም፤ ጅራቱን እየወዘወዘ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ልነሣ።